የእይታ መስክ ካርታና የነርቭ ክር ልኬት

ስለ ፒቱታሪ ዕጢ እብጠት የተጻፉትን የትምህርት መጻሕፍት ስንገልጥ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመን አንድ ሥዕል ነው። ሁለት ክበቦች ተሥለው፥ በጆሮ በኩል ያለው የየክበቡ እኩሌታ በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ሆኖ ጠቍሮ ይታያል። ሥዕሉ ለፈተና ይመቻል፤ ሕመምተኛውን ለማወቅ ግን እምብዛም አይረዳም እንላለን።

ሐርቬይ ኩሺንግና ክሊፎርድ ዎከር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. «ብሬን» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ከዚህ ሥዕል እጅግ ይሻላል፤ ጉድለቱን የሚመለከተው እንደ ቆመ ነገር ሳይሆን ደረጃ በደረጃ እንደሚጓዝ ነገር ነውና። እብጠቱ ከታች ተነሥቶ ኪያዝማውን፥ ማለት የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች የሚሻገሩበትን ስፍራ፥ ወደ ላይ ሲገፋ አስቀድመው የሚጐዱት ከሬቲናው የታችኛ የአፍንጫ ወገን መጥተው የሚሻገሩት ክሮች ናቸው። ስለዚህ ሕመምተኛው በመጀመሪያ የሚያጣው ላይኛውን የውጭ ሩብ ነው። ክራንዮፋሪንጂዮማ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ስለሚጫን ከታችኛው ሩብ ይጀምራል። እንግዲህ ካርታው ጫናው ከወዴት እንደ መጣ ይጠቁማል።

የማይናገረውም አለ። የጠቈረው ስፍራ የሞተ ክር ነውን? ወይስ በጫናው ምክንያት መልእክት ማስተላለፍ ያቆመ፥ ነገር ግን ገና በሕይወት ያለ ክር? በካርታው ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው። ቀዶ ጥገና ለሚጠብቅ ሰው ግን ልዩነቱ የዓይኑ ዕድል ነው።

በ1991 ዓ.ም. የተገለጠው ኦፕቲካል ኮሂረንስ ቶሞግራፊ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ መጣ። መሣሪያው በብርሃን አማካይነት የነርቭ ክሩን ንጣፍ ውፍረት በማይክሮሜትር ይለካል። ሔለን ዳነሽ ማየርና ባልደረቦችዋ በ2008 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ከቀዶ ጥገና በፊት ንጣፉ ያልሳሳባቸው ሕመምተኞች እይታቸው በበለጠ እንደሚመለስ አሳዩ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተው፥ አድካሚውንና በሕመምተኛው መልስ ላይ የተመሠረተውን የመስክ ምርመራ ወደ ጎን እንተወው የሚሉ ቢኖሩ አንስማማም።

ምክንያቱም ኪያዝማው ላይ የተጐዳ ክር ሞቱ እስከ ሬቲናው ተመልሶ እስኪታይ ሳምንታት ወይም ወራት ያልፋሉ። በዚህ መካከል ውፍረቱ ደኅና፥ መስኩ ግን የተሰበረ ሰው ይመጣል። በልኬቱ ብቻ የሚፈርድ ሐኪም «ደኅና ነህ» ብሎ የሚሰደው፥ ቶሎ ቢታከም ከሁሉ ይልቅ ሊድን የሚችለውን ይህንኑ ሰው ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ክሮቹ ቢያልቁም የደም ሥሮችና ደጋፊ ሕዋሳት ስለሚቀሩ ቍጥሩ ከአንድ ወለል በታች አይወርድም። አማካይ ቍጥሩም ቢሆን ይሸፍናል፤ የሚሻገሩት ክሮች በብዛት ወደ ነርቩ ራስ የሚገቡት በአፍንጫና በጆሮ በኩል ነውና መሳሳቱ በእነዚህ ሁለት ወገኖች ይጐላል። ግላኮማ በተለምዶ የሚጀምረው ከላይና ከታች ነው። አማካዩን ብቻ የጻፈ ሰው ይህን መለያ ጣለው ማለት ነው።

ካርታውም ልኬቱም የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። ሁለቱም እያንዳንዱን ዓይን ለብቻው ይመረምራሉ፤ ሰው ግን በሁለት ዓይን ይኖራል። የሁለቱን ዓይን የውጭ መስክ ያጣ ሰው ቅርብ ያለ ነገር ላይ ሲያተኵር ከዚያ ነገር በስተኋላ ያለው በሁለቱም ዓይን በዕውሩ ወገን ይወድቃል። ስለዚህ መርፌ ላይ ክር ማግባት ይቸግረዋል። በልብስ ስፌት የሚተዳደር ሰው ይህን ችግር የሚናገረው «ዓይኔ ደከመ» ብሎ ሊሆን ስለሚችል፥ ሐኪሙ ጠይቆ መረዳት ይገባዋል።

መሣሪያ በሌለበት ደግሞ ሁለት ቀይ የእስክሪብቶ ክዳኖች ይበቃሉ። የሕመምተኛውን አንድ ዓይን ሸፍነን በሌላው አፍንጫችንን እንዲመለከት እናደርጋለን፤ ክዳኖቹን ከመካከለኛው ቀጥታ መሥመር ግራና ቀኝ ይዘን የትኛው ደብዝዞ እንደሚታየው እንጠይቃለን። በጆሮ በኩል ያለው ቀይ ከደበዘዘ ሌላውንም ዓይን እንደዚሁ መርምረን ለተጨማሪ ምርመራ እንልከዋለን።