ዳዊት ሲደገምና ሲጸለይ

«ከመጽሐፍ የሚነበብ ጸሎት ከልብ አይደለም» የሚለውን ክርክር ደጋግሜ ብሰማ ይህችን አጭር አስተያየት ለመጫር ተነሳሁ። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ዳዊትንም ለዓመታት እንደ ሥራ ኮታ ነበር የምደግመው። 150 መዝሙር፣ በዐሥር በዐሥር ተከፍሎ 15 ንጉሥ፤ የሰኞው ድርሻ ሦስት ንጉሥ። ጨረስኩ፣ ዘጋሁ።

አባቴ ያረፈ ጊዜ አገር ቤት መግባት አልቻልኩም። በራሴ ቃል ልጸልይ ብዬ ብንበረከክ ከአፌ የወጣው የለመድኩት «ተመስገን» ብቻ ነበር፤ እሱም ከልቤ አልነበረም። መዝሙር 87ን (በዕብራይስጡ ቁጥር 88) በእውነት ያነበብኩት ያን ሌሊት ነው። ሌሎቹ የሐዘን መዝሙሮች አብዛኛውን ጊዜ ምሬታቸውን ወደ ምስጋና ይመልሳሉ። ይህኛው አይመልስም። ይጮኻል፣ እግዚአብሔርን ለምን ራቅኸኝ ብሎ ይሞግታል፣ ወዳጅ ዘመድ እንደሸሸው ተናግሮ እዚያው ያቆማል። በራሴ አፍ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ለመናገር ባልደፈርኩ!

ተቺዎቹ በአንድ ነገር እውነት አላቸው፤ ግዕዙ ሳይገባኝ እሮጥበት ነበር። ጥፋቱ ግን የሯጩ እንጂ የመጽሐፉ አይደለም። አሁን በቀን አንድ መዝሙር ብቻ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ እላለሁ። እናቴ በስልክ «ዳዊትህን አደረስክ ወይ?» ስትለኝ ግን ዛሬም «አዎ እማዬ፣ ሙሉውን» ነው መልሴ።