አንዲት ፓኬት ሕይወት

ሸዋሮቢት ቆላ ናት፤ ሙቀቱ ጤነኛውንም ያስጠማል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋሮቢት ሲገባ፣ የቀወትና የይፋት ሰው መፈናቀልን በዓይኑ አየ። ሰው በመጠለያ ሲታጨቅ፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ሲጠፋ፣ ከጥይት የተረፈውን ሕፃን ተቅማጥ ይነጥቀዋል።

ያኔ የምትደርሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦ.አር.ኤስ. ናት። ክብደቷ 20.5 ግራም ብቻ ነው። በውስጧ ያለው ግሉኮስ ጨውን፣ ጨውም ውሃን ይዞ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። እናት እጇን ታጥባ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጣ፣ በማንኪያ ቀስ እያለች ታጠጣለች። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ታግሣ ትቀጥላለች።

ብቃቷም የተመሰከረው በጦርነት መካከል ነው። በ1963 ዓ.ም. ወደ ሕንድ የተሰደዱትን የባንግላዴሽ ሰዎች ኮሌራ ሲፈጃቸው፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀበት። ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በበርሜል በጥብጦ ለአስታማሚዎች ሰጠ፤ ከ100 ሕሙማን 30 ያህል ይደርስ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ።

ወረርሽኝን የሚያቆመው ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃና ክትባት ነው። እነዚህ እስኪደርሱ ነፍስ የምታቆየው ግን ይህች ፓኬት ናትና ከቤታችሁ አትጥፋ።