«ያንጋው» እና የቡዳ ነገር

አስፈሪ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ሳናየው እንንቀዋለን። ጩኸትና ደም ብቻ ስለሚመስለን ለትምህርት የሚበጅ ነገር ይገኝበታል ብለን አንጠብቅም። «ያንጋው» የተባለው የፊሊፒንስ ፊልም ግን የእኛኑ ቤት ገመና የሚያስታውስ ሆኖ ስላገኘነው ለመምህራንና ለተማሪዎች ልናስተዋውቀው ወደድን።

ፊልሙ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በዲሬክተር ሪቻርድ ሶምስ የተሠራ ነው። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ልማድ ወጥቶ በአነስተኛ ገንዘብ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ተዋንያኑ የሚናገሩት በታጋሎግ ሳይሆን በሂሊጋይኖን ቋንቋ ነው።

አሞር የተባለች ወጣት ምንነቱ ያልታወቀ ሕመም ይዟት ወደ ወላጆቿ መንደር ትመለሳለች። ሕመሙ ሲጸና «አስዋንግ» እየሆነች መሄዷ ይገለጣል። አስዋንግ በአገሩ አፈ ታሪክ ቀን ሰው፣ ሌሊት አውሬ ሆኖ ሰው የሚበላ ፍጡር ነው፤ «ያንጋው» ማለትም የዚሁ ነገር መጋባት ነው። አባትየው ጁንየር ልጁን ደብቆ ጎረቤቶቹን ከማስበላትና ጎረቤቶቹን አድኖ ልጁን ከማጣት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። መጨረሻውን ለተመልካች እንተወዋለን።

የፊልሙ ብርታት ፍርሃቱን ከጫካ አውጥቶ ከጓዳ ማግባቱ ነው። የአባትየውን ሚና የያዘው ሮኒ ላዛሮ ፍቅርና ጥፋት በአንድ ፊት ላይ ሲታገሉ ያሳየናል። ተመልካቹ አውሬዋን ከመፍራት ይልቅ ለአባቷ ይጨነቃል።

ይህን ያየ ኢትዮጵያዊ ቡዳን ሳያስታውስ አይቀርም። በእኛም ዘንድ ቀን ብረት የሚቀጠቅጠው ወይም ሸክላ የምትሠራዋ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ኖሯል። በሽተኛው ጢስ እየታጠነ «የበላህ ማን ነው?» ሲባል ይለፈልፋል፤ ስሙ የተጠራው ሰውም ያለ ዳኛ ይፈረድበታል። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ስም ብዙ ተበድለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያስረዳል። በፊሊፒንስም የካፒስ ክፍለ ሀገር ሰዎች የአስዋንግ ዘር እየተባሉ ሲታሙ ኖረዋል። በ1950ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው የስለላ መኮንን ኤድዋርድ ላንስዴል የሁክ ሸማቂዎችን ለማስፈራራት የአስዋንግ ወሬ እንደተነዛ በማስታወሻው ጽፏል። ፍርሃት ለሚጠቀምበት ሰው መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ፊልሙን የምንነቅፈው በዚህ ረገድ ነው። በታሪኩ ውስጥ ልጅቱ በእርግጥ ሰው በላ ስለሆነች የመንደሩ ጥርጣሬ እውነት ሆኖ ይገኛል። በኑሮ ግን የተጠረጠረው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከጣት ጠቋሚው ዘንድ ነው። ፊልሙ የአባትን ጭንቀት እንጂ የሐሰት ክስን ግፍ አያሳይም።

ስለዚህ መምህሩ ፊልሙን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ቢያሳይ ይህን ጉድለት በጥያቄ ሊሞላው ይገባል። ልጅቱ ሕመም ብቻ ቢሆንባትስ ኖሮ ጎረቤቶቹ ምን ያደርጉ ነበር? በሰፈራችን በሹክሹክታ የሚታማው ማን ነው? በሙያው ነው ወይስ በዘሩ? ይህን የምንጽፍበት የናይሮቢው ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች ስላሉበት የብዙ አገር ልጆች የሚገናኙበት ሰፈር ነው። ተማሪው የሌላውን አገር አስዋንግ ሰምቶ ከሳቀ በኋላ ወደ ራሱ ቡዳ እንዲመለከት ማድረግ ደግሞ የመምህሩ ፋንታ ነው።