ከሥዕሉ በኋላ የተነበበ መጽሐፍ

«ደራሲው ፊልሙን አበላሽቶታል።»

ይህን ፍርድ የሰማነው በኡካ ከተማ፣ ቡና ከሚፈላበት አንድ ቤት ተቀምጠን ሳለ ነው። ፈራጁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ የተፈረደበትም መጽሐፍ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። በአጠገቡ ከነበሩት ሁለት መምህራን አንደኛው ሳቀ፤ ሁለተኛው ግን ስኒውን አስቀምጦ፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ መጽሐፍ ሲታተም እኮ አባትህም አልተወለደ!» ሲል ተቈጣው። እውነቱን ለመናገር እኛም በመጀመሪያ ከተቈጣው ወገን ነበርን። ውለን አድረን ነገሩን ስናሰላስለው ግን የልጁ አነጋገር ቍጣ ሳይሆን መልስ የሚገባው ሆኖ ታየን።

ተማሪው እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቹ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ጋር የተዋወቀው በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ቴሌቪዥን መታየት በጀመረው፣ ሰውመሆን ይስማው ባዘጋጀው ተከታታይ ድራማ ነው። የሚቀጥለውን ክፍል መጠበቅ ሲያቅተው መጨረሻውን ለማወቅ መጽሐፉን ከዘመዱ ተዋሰ። ስለዚህ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. መታተሙን ቢያውቅም፣ ለእርሱ ቀዳሚው ሥዕሉ፣ ተከታዩ መጽሐፉ ሆነ። ሲያነብም በእጁ የያዘው ሥዕሉን ነው፤ መጽሐፉን የሚለካው በዚያ ነው።

ይህ ዓይነቱ ቅደም ተከተል በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ንግድ ነው። በአሜሪካ «ስታር ትሬክ» የተባለው ተከታታይ ገና በመታየት ላይ ሳለ፣ ጄምስ ብሊሽ የተባለው ደራሲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1967 ጀምሮ ክፍሎቹን ወደ አጫጭር ታሪኮች እየለወጠ በመጽሐፍ ያወጣቸው ነበር። የሚጽፈው ከተላከለት የድራማው ጽሑፍ ስለ ነበር፣ መጽሐፉ በሥዕል ከታየው የሚለይበት ስፍራ ነበረው። ተመልካቹ ደግሞ ያየውን የሚያውቅ ነውና ልዩነቱ አያመልጠውም። በእኛ ዘንድ መጽሐፉ ከሥዕሉ ስድሳ ዓመት ያህል ይቀድማል፤ ዳሩ ግን ለኡካው ተማሪ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም።

ደግሞስ በመጽሐፉ ስም የሚቈጡት ሁሉ በእርግጥ ከመጽሐፉ ተነሥተው ነውን? በጎሬ አንድ ጡረታ የወጡ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አግኝተን ስለ ድራማው ብንጠይቃቸው፣ «ይህች ሰብለ አይደለችም» አሉን። «ታዲያ ጋሼ፣ ሰብለ ምን ትመስላለች?» ብንላቸው ጥቂት አሰቡና፣ «መልኳን አላውቀውም፤ ይህች ግን አይደለችም» ብለው መለሱ። መጽሐፉን ገልጠው አያውቁም። እርሳቸው የሚያውቁት በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውን ነው። የመድረኩ ሰው ወጋየሁ ለእያንዳንዱ ባለ ታሪክ የየራሱን ድምፅ ሰጠው፤ መልኩን ግን ለአድማጩ ተወለት። አድማጩም መልክ ሳያበጅላት፣ ያለ መልክ ወደዳት። እንግዲህ ሥዕሉ የሚያስቀይማቸው ደራሲው የጻፈውን ስላፈረሰ ሳይሆን፣ እነርሱ ክፍት አድርገው ለዘመናት ያኖሩትን ስፍራ በአንዲት ተዋናይት ፊት ስለ ሞላው ነው። ቅሬታቸው እውነተኛ ነው፤ ስሙን ግን ለመጽሐፍ መቈርቈር ብለን ልንጠራው አንችልም። የተቈጣው መምህርም ኋላ እንዳጫወተን፣ በልጅነቱ አስቀድሞ የሰማው ሬዲዮኑን ነው!

ወደ ተማሪው እንመለስ። ክሱ ሦስት ነበር።

የመጀመሪያው፣ መጽሐፉ ዘግይቶ ይጀምራል የሚል ነው። ሰብለን ፈልጎ የገባ አንባቢ ማንኩሳ ላይ ይያዝና የበዛብህን ወላጆች፣ የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ትዳር፣ ልጃቸውንም ለቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደ ተሳሉ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ልጁ ተሳስቷል። ያ ስለት ከመነሻው ባይነገር ኖሮ በዛብህ መልከ መልካም ዘፋኝ ደብተራ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ከመወለዱ አስቀድሞ የወላጆቹን ፍርሃት ያወቀ አንባቢ ግን፣ ኋላ በሰብለ ፊት ሲንቀጠቀጥ የሚያየው የአንድ ጐልማሳ ዓይናፋርነትን ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ክስ፣ «ጉዱ ካሳ ንግግሩን አይጨርስም» የሚል ነው። እዚህ ላይ ልጁ ግማሽ እውነት ይዟል፤ እኛም ቈም ብለን ልናየው ይገባል። ደራሲው በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት ያገለገለ ሰው ነው። ባላባቱ በዘሩ ሲመካ፣ ጭሰኛው ሲገፈፍ ያለውን ሥርዓት፣ ያው ሥርዓት ባልፈረሰበት በ1958 ዓ.ም. ሊነቅፍ ሲነሣ፣ ነቀፌታውን ሰዎች እንደ እብድ በሚቈጥሩት ሰው አፍ አኖረው። እብድ ያለውን ማን ይከሰዋል? ዘዴው ብልህ ነው። ሆኖም አፉ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ደራሲው ራሱ በደስታ ሲናገርበት፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ጥያቄ ከማቀበል በቀር ሥራ የሚያጡበት ጊዜ አለ። በሬዲዮ ይህ ጕድለት አልታወቀም፤ ወጋየሁ በትንፋሹ፣ በምፀቱ፣ በዝምታውም ጭምር ሸፍኖታልና። በገጹ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ዓይን ግን ርዝመቱን ይቈጥራል። ሥዕል የለመደ ትውልድ ይህን ቀድሞ ቢያይ ልንደነቅ አይገባም። ንግግሮቹ አጥረው ቢሆን መጽሐፉ ይሻል ነበር ለማለት ግን አንደፍርም፤ በአገራችን ልብ ወለድ ውስጥ ሥርዓትን እንዲህ እስከ ሥሩ የሚመረምር ሰው ድምፅ ያገኘው በእነዚያ ገጾች ነው።

ሦስተኛው ክስ ስለ መጨረሻው ነው፤ በዚህ ልጁ ረትቶናል። ከመጽሐፉ እኩሌታ በሚበልጠው ክፍል የሁለቱ ወጣቶች ጠላት ማን እንደ ሆነ በግልጽ ተነግሮናል። ለልጁ የሚመጥን ዘር አጥቶ ጠያቂን ሁሉ የሚመልሰው የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነው። ያንኑ ትዕቢት ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ተነሥተው ሲያዋርዱት አይተናል። በፍጻሜው ግን ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ፣ በመንገድ ወንበዴዎች ጐድተውት በሞት አፋፍ ላይ ታገኘዋለች። የገደለው መሸሻ አይደለም፤ ስሙን የማናውቀው ሽፍታ ነው። ይህን ያህል የተደከመበት ክስ በአጋጣሚ እጅ ተዘጋ! ሦስቱ ወዳጆች በአንድ መቃብር ማረፋቸው ልብ ስለሚነካ፣ አብዛኞቻችን እንባችንን እየጠረግን ይህን ሳንጠይቅ አልፈናል። ልጁ አላለቀሰምና ጠየቀ። «ይኑሩ» ማለቱን ግን አንቀበለውም፤ የመጽሐፉ ስም ራሱ ከሽፋኑ ላይ አስጠንቅቆታል።

መምህራኑን ያስቈጣቸው ሌላ ነገርም ሳይኖር አይቀርም። በኢሉባቦር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። በቴሌቪዥን የሚሰማ አማርኛና በገጽ ላይ የተጻፈ የጎጃም ደብተራ አማርኛ ደግሞ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ይህ ልጅ ያን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ ማንም ሳያስገድደው አንብቦ ጨርሷል፤ ጨርሶም አስተያየት ይዞ መጥቷል። በመምህር ፊት ደፍሮ የተናገረውን በተግሣጽ ከመለስነው፣ ሁለተኛ መጽሐፍ ይዋሳልን?

«የጎጃም ታሪክ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሌላ ወጣት በዚያው ቤት ነበር። ለእርሱ የሰጠነው መልስ ከሥነ ጽሑፍ ይልቅ የታሪክ ነው። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ፣ ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በ1928 ዓ.ም. የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ሐዲስ ዓለማየሁም ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሆኖ በዚሁ በምዕራቡ አገር ተዋግቷል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሲሰጡ ተማርኮ፣ ወደ ኢጣልያ ደሴቶች ወደ ፖንዛና ወደ ሊፓሪ ተጋዘ፤ ይህንም ዘመን ኋላ «ትዝታ» በተባለው መጽሐፉ ተርኮታል። ወጣቱ ሰምቶ ዝም አለ። ያሳመንነው አይመስለንም፤ ልብ ወለድ በደራሲው የጉዞ መንገድ አይወደድምና።

ከቤቱ ልንወጣ ስንል ተማሪው መጽሐፉን አሳየን። በኅዳጎቹ ላይ፣ በያዙት አማርኛ ቃላት ትይዩ፣ የአፋን ኦሮሞ ፍቻቸው በእርሳስ በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወደ ኋላ እየሳሳ ይሄድና ጉዱ ካሳ በሚናገርበት ስፍራ እንደ ገና ይበዛል። ባለቤቱ መጽሐፉን እንዲመልስለት ሁለት ጊዜ ልኮበታል። ልጁም ላጲስ ገዝቶ ጽሑፉን ሊያጠፋ አስቦ ነበር። እንዳያጠፋው ለመንነው፤ ለባለቤቱም ሌላ ቅጂ ገዝተን እንደምንልክለት ቃል ገባን።