«ድፍረት»፦ የቃሉ ሁለት ፊትና የፊልሙ አንድ ዓይን

በአማርኛ «ድፍረት» የሚለው ቃል በአንድ አፍ ሁለት ነገር ይናገራል። ደፋር ሰው ይመሰገናል፤ የተደፈረች ሴት ግን አንገቷን ትደፋለች። ወኔንና በሴት ላይ የሚፈጸመውን ግፍ ከአንድ ግሥ ያወጣ ቋንቋ፣ የተናጋሪዎቹን የዘመናት አስተያየት ሳያውቀው መዝግቦ አቆይቷል ማለት ይቻላል። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም ላቀረቡት ፊልም ይህንኑ ቃል ርእስ ሲያደርጉ፣ በሥራቸው ውስጥ ካለው ሁሉ የከበደውን ቃል መርጠዋል። የውጭ አገር ተመልካች ርእሱን እንደ ባዕድ ስም አይቶ ያልፈዋል፤ አማርኛ ሰሚ ግን ገና መብራቱ ሳይጠፋ ክርክሩ ውስጥ ይገባል።

ፊልሙ የተነሣበት እውነተኛ ታሪክ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ፣ በአሰላ አቅራቢያ በሚገኝ ገጠር፣ የ14 ዓመቷ ተማሪ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ልታመልጥ ስትሮጥ የደረሰባትን ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ተኩሳ ገደለችው። በሰው ግድያ ተከሰሰች። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ሁለት ዓመት ያህል ከፈጀ ክርክር በኋላም ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት።

የዚህ ፍርድ ክብደት የሚገባው በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረውን ሕግ ያስታወሰ እንደሆነ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል ይለዋል፤ ነገር ግን ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ክስ አይቀርብም ይላል። ይህ «ፈቃድ» የሚሰጠው መቼና በማን ፊት ነበር? ልጅቱ በጠላፊው ቤት ተዘግታ፣ ክብርናዋ ከተወሰደ በኋላ፣ ሽማግሌ ከአባቷ ደጅ ቁጭ ብሎ ስለ ካሣ ሲነጋገር ነው። ሕጉ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር፤ ጠላፊው የሚጠበቅበት ባል ሆኖ መግባት ብቻ ነበር። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በዚያ በር አላልፍም ስትል የመለሰችው አንድን ሰው ብቻ አልነበረም።

ፊልሙ ይህንን የሚያሳይበት ምርጥ ትዕይንቱ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ወንዶች ብቻ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው በወጉ፣ በተራ፣ በጨዋ ቃል ይነጋገራሉ። ዳይሬክተሩ አያንቋሽሿቸውም፤ እንደ አረመኔም አያቀርቧቸውም። እያንዳንዱ ተናጋሪ የራሱ አመክንዮ አለው፤ የሟች ወገን ያዝናል፣ የልጅቱ አባት ይከራከራል፣ አስታራቂው ደም እንዳይፈስ ይጨነቃል። ተመልካቹን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው፤ ጉዳይዋ የሚታየው ልጅ በቦታው የለችም፤ አለመኖሯም ከተሰብሳቢው ለማንም አይጎድለውም። ብዙ ፊልሞች በጩኸትና በልቅሶ ሊሉት የሚሞክሩትን ይህ ትዕይንት በትሕትና ይለዋል።

ትወናውም የሚመሰገን ነው። ጠበቃዋን የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ቁጣዋን እየዋጠች የምትሠራ ባለሙያን በቁጥብነት አቅርባለች። ልጅቱን የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ደግሞ ከንግግሯ ይልቅ ዝምታዋ ይሰማል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት ማግኘቱ፣ ኢትዮጵያንም ወክሎ ለኦስካር ውድድር መላኩ የሚያስገርም አይደለም። የአንጀሊና ጆሊ ስም በዋና ፕሮዲውሰርነት መስፈሩ ዝናውን ቢያሰፋውም፣ ሽልማቱን ያመጣው እርሱ ነው ማለት ለተዋንያኑ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ወቀሳው የሚጀምረው ፊልሙ ታሪኩን ለማን እንደሰጠው ሲጠየቅ ነው።

በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለማስቆም የተደረገው ትግል የአንድ ጠበቃና የአንዲት ልጅ ታሪክ አልነበረም። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያቋቋሙት ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ለመስጠት በሩን ሲከፍት፣ የተደበደበች፣ የተጠለፈች፣ ከቤቷ የተባረረች ሁሉ መጣች። ፋይል የሚከፍቱ፣ አቤቱታ የሚጽፉ፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚውሉ ሴቶች ነበሩ። ከእነዚያ ፋይሎች ክምር ነው የሕግ ማሻሻያ ጥያቄ የወጣው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ማኅበሩ በአዲስ አበባ ጎዳና ሴቶችን አሰልፎ ስለ ጥቃቱ አቤት አለ፤ በዚያው ዓመት የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አገደው፤ እገዳው የተነሣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በመጨረሻም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ወጣ። (ልጅቱ የተጠለፈችበት የፈረንጆች ዓመትና ጠላፊዎችን የሚያስጥለው ሕግ የተሻረበት የኢትዮጵያ ዓመት በቁጥር አንድ ናቸው፤ አጋጣሚው አንባቢን ማደናገሩ ባይቀርም።) የአዲሱ ሕግ አንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ይደነግጋል።

በፊልሙ ውስጥ ይህ ሁሉ ተጨምቆ በአንዲት ጀግና ትከሻ ላይ ተጭኗል። ጠበቃዋ ብቻዋን ትሮጣለች፣ ብቻዋን ትደፍራለች፣ ሚኒስትሩን እስከመክሰስ ደርሳ የማኅበሩን ህልውና አደጋ ላይ ትጥላለች። ከመንግሥት ጋር የተደረገው እውነተኛ ግጭትና እገዳ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ጉዳይ የመጣ ነው። ፊልም ጊዜን ማጠፉ ነውር የለውም፤ ድራማ ሁሉ ያደርገዋል። ችግሩ በእጥፋቱ ውስጥ ማን እንደተሰወረ ነው። እነዚያ በደጃፍ የተሰለፉት ሴቶች፣ ለሰልፍ የወጡት፣ ያለ ክፍያ ያገለገሉት ባለሙያዎች ከስክሪኑ ጀርባ ቀርተዋል። እንቅስቃሴ የሚለው ነገር በሲኒማ ለማሳየት አስቸጋሪ መሆኑ አይካድም፤ ጀግና ፊት አለው፣ ማኅበር ግን ስብሰባና ወረቀት ነው። ሆኖም የሽማግሌዎቹን ስብሰባ በዚያ ጥበብ ያሳየ ካሜራ ለሴቶቹ ስብሰባ ተመሳሳይ ትዕግሥት ሊነፍግ አይገባውም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ፊልሙ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ አርሲ ውስጥ የገጠሩ ሰው የሚናገረው ግን ኦሮምኛ ነው። ለገበያም ለተዋናይም ሲባል የተደረገ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከገጠር ወጥታ በከተማ ጠበቃ፣ በፖሊስና በዳኛ መካከል የቆመች ልጅ ብቸኝነት በከፊል የቋንቋ ብቸኝነት ነው። ሁሉም በአንድ ልሳን ሲናገር ይህ ርቀት ይጠፋል፤ ከተማው አዳኝ፣ ገጠሩ አጥፊ የሆነበት ሥዕል ብቻ ይቀራል።

ይህን ሥዕል ያፈረሰው ራሱ ፊልሙ በአዲስ አበባ የታየበት ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የ16 ዓመቷ ተማሪ ሐና ላላንጎ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ለመመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ታክሲ ጠልፎ ወሰዳት፤ ለቀናት ታግታ በቡድን ተደፍራ፣ ኅዳር 1 ቀን ሕይወቷ አለፈ። አምስት ወንዶች በቀጣዩ ዓመት ጥፋተኛ ተባሉ። ፈረስ የለም፤ ሽማግሌ የለም፤ «ባህል ነው» የሚል ጠበቃም የለም፤ አስፋልትና ታክሲ ብቻ። በዚያው ኅዳር በናይሮቢ አንዲት ሴት በአደባባይ ልብሷ ተገፍፎ ስትዋረድ፣ የኬንያ ሴቶች «ልብሴ ምርጫዬ» ብለው ጎዳና ወጡ፤ ሴትን በግድ ማራቆት ወንጀል ሆኖ በሕግ የሰፈረውም ዓመቱ ሳያልቅ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ዝምታ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ከ2011 ጀምሮ «የሎው ሙቭመንት» የተባለው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ነበረ፤ «ሴታዊት»ም የተመሠረተችው በዚሁ በ2014 ነው። የአዲሱ ትውልድ ጥያቄ ከጠለፋ አልፎ መንገድ ላይ ስለሚወረወር ቃል፣ ቢሮ ውስጥ ስለሚዘረጋ እጅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ተርጉሞታል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንመለስ። ፊልሙ የጠበቃዋን እውነተኛ ስም ይዞ መዓዛ አሸናፊ ብሏታል። የልጅቱን ስም ግን ለውጦ ሂሩት ብሏታል። ስም መለወጥ ብዙ ጊዜ ተጠቂን መጠበቂያ ነው፤ በመርሕ ደረጃ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች ተሰብስቦ ሳለ ፍርድ ቤት ዕይታውን አገደ። ከሳሿ አበራሽ በቀለ ነበረች። አቤቱታዋም ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ የሚል ነው። እገዳው ከተነሣ በኋላ ፊልሙ በአገር ውስጥ ሲኒማ ቤቶች ታይቷል፤ ጥያቄው ግን ከፋይሉ ጋር አልተዘጋም።

እንግዲህ አንዲት ሴት በ14 ዓመቷ ሰውነቷ ያለ ፈቃዷ ተወሰደ፤ በጎልማሳነቷ ደግሞ ታሪኳ። ሁለቱን እኩል ማድረግ ስሕተት ነው፤ ፊልም መሥራት ጠለፋ አይደለም፤ ሠሪዎቹም በጎ ዓላማ እንደነበራቸው ሥራው ይመሰክራል። ነገር ግን የሸንጎው ትዕይንት የሚነቅፈው በጎ ዓላማ ያላቸውን ሰዎች አይደለምን? እዚያ ያሉት ሽማግሌዎችም ሰላም ፈላጊዎች ናቸው። ባለጉዳይዋን መጠየቅ የሚባለው ነገር ግን ወደ ሐሳባቸው አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1999 ቢ.ቢ.ሲ. ባሠራጨው ዘጋቢ ፊልም አበራሽ በራሷ ስምና ፊት ቀርባ ነበር፤ ስለዚህ ተሸሽጋ የኖረች ምስጢር አልነበረችም። ሊጠየቅ የሚችል ሰው ነበረች።

ከዚህም ጋር ተያይዞ የሚነሣ አንድ ዝምታ አለ። ፊልሙ በ2014 ሲታይ፣ ያሞገሰው ማኅበር በ2001 ዓ.ም. በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ምክንያት ተዳክሞ ነበር። አዋጁ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሳተፉ ይከለክል ስለነበር፣ ማኅበሩ ብዙ ሠራተኞቹን ለማሰናበት ተገዷል፤ አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ተመልካች ግን ከአዳራሹ የሚወጣው የድል ስሜት ይዞ ነው። ወይዘሮ መዓዛ ራሳቸው በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ ማገልገላቸው፣ ይህን የድል ንባብ ኋላ ላይ ያጸደቀው ሊመስል ይችላል።

የፍርድ ቤቶቹ መዝገብ ግን ሌላ ይናገራል። አበራሽ ነጻ ከወጣች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በዚያው በአርሲ ሌላ የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊዋና ግብረ አበሮቹ ተፈርዶባቸው ሳለ በይግባኝ ተለቀቁ። ጉዳዩ አገር አልፎ ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄደ፤ ኮሚሽኑ የኢትዮጵያ መንግሥት 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር እንዲክሣት መወሰኑ በ2016 ይፋ ሲሆን፣ ልጅቱ ሙሉ ሴት ሆና ነበር። ይህች ልጅ አልተኮሰችም፤ ስለዚህም ይመስላል ፊልም ያልተሠራላት።

ከአንቀጽ 587 ጥቂት ገጽ ወረድ ብሎ የሚገኘው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር በሕጉ ዝግጅት ወቅት በባልና ሚስት መካከል የሚፈጸመውም እንዲካተት ተከራክሮ ነበር። ሕግ አውጪው አልተቀበለም፤ ወንጀሉን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጪ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስገብቶባቸዋል።