ሥልጣንና ተራ፤ ስለ «ሰምና ወርቅ» መጽሐፍ የቀረበ ትችት

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፍ የዐማራውን ኑሮ በትጋት መርምረዋል፤ ድካማቸውም ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ግለኝነትን የሕዝቡ ዋነኛ ጠባይ አድርገው መቍጠራቸውን ሳንነቅፍ አናልፍም።

ሰው በአለቃው ፊት ሲቆምና ከማኅበርተኞቹ ጋር ሲቀመጥ ጠባዩ አንድ አይደለም። ስለ ርስት ከወንድሙ ጋር ይሟገት የነበረው ገበሬ፥ ደቦ በተጠራ ጊዜ የጎረቤቱን እህል ያጭድ ነበር፤ ተራው ሲደርስም የእርሱ ይታጨድለታል። በጽዋ ማኅበር ዝክሩ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ዛሬ ወገቡን ታጥቆ የሚያስተናግደው በሚመጣው ወር ተቀምጦ ይስተናገዳል። በዕቁብም ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይቀበላል፤ መተማመኑ የቆመው በሰውየው ቸርነት ላይ ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ነው።

ስለዚህ «ይህ ሕዝብ ግለኛ ነውን?» ከማለት ይልቅ፥ «ግለኛ የሚሆነው በየትኛው ስፍራ ቆሞ ሳለ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሥልጣን ሰውን ከሰው ያራርቃል፤ ተራ ግን ያቀራርባል። ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም፤ መተባበርን አያውቅም ለተባለ ሕዝብ ማኅበር ከውጭ ይታሰብለታል፥ በእጁ ያለው ግን ይዘነጋበታል።