እንደ ወረቀት የሳሳች ጉድ!

ኧረ ስሙኝ! ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ እንቅልፍ የለኝም! ጀበናው ሁለቴ ገንፍሎብኛል። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጁን ይዤ «ቀጭን ዲስክ ሌዘር ታውቃለህ?» እላለሁ። የሚያውቅ ጠፋ። እሰይ! እኔው ልንገራችሁ።

ዲስኳን አስቧት። ስፋቷ የሳንቲም ያህል ነው። ውፍረቷ ግን አንድ ቅጠል ወረቀት! የሚሊሜትር አንድ አስረኛ ገደማ! ይተርቢየም የሚባል ንጥረ ነገር ጣል የተደረገባት ጥርት ያለች ክሪስታል ናት። ጀርባዋ እንደ መስታወት ይለበጥና አልማዝ ላይ ትለጠፋለች። አዎ፣ አልማዝ! ቀለበት ላይ የምናውቀው! እዚህ የገባው ግን ለጌጥ አይደለም፤ ሙቀት ሊመጥ ነው። በዚህ ሙያ መዳብን በብዙ እጥፍ ያስከነዳዋል!

ለምን ቀጠነች? ያበድኩት እዚህ ጋ ነው! ድፎ ዳቦ ላዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ስትቆርሱት መሃሉ ጣት ይለበልብ የለ? እንጀራስ? ሰፌድ ላይ ባረፈ በአፍታ ይበርዳል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው! ወፍራም ክሪስታል እንደ ድፎው ሆዱ ይግልና ጨረሩን ያበላሸዋል። ቀጭኗ ግን ሙቀቷን በጀርባዋ ወዲያው ታራግፋለች! ይህን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አዶልፍ ጊዘንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!

«ከሳሳችማ የምትመገበው ብርሃን ሳይነካት አልፏት ይሄዳል» ትሉኝ ይሆናል። ይሄዳል! ታዲያ ምን አደረጉ? መለሱት! በመስታወት እየመለሱ ሃያ ምናምን ጊዜ፣ አንዳንዴም ከአርባ ጊዜ በላይ ያንኑ ብርሃን ያጎርሷታል። ጉርሻ ማለት ይሄ ነው!

ቆይ፣ ገና ነው! ሴሳም የሚባል መስታወት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የፈጠሩት ኡርሱላ ኬለር ናቸው። ሴትየዋ በዓመቱ ወደ ስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ገቡና የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዋ ቋሚ ሴት የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኑ። (እልል!) የመስታወቱ ጠባይ ደግሞ ጉድ ነው። ደከም ያለ ብርሃን ሲመጣበት ይውጠዋል። ተሰብስቦ በአንድ ላይ የመጣውን ግን አክብሮ ይመልሰዋል። ብርሃኑስ ምን ያድርግ? ተሰበሰበ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ሲፈስ የነበረው ጨረር አጭር፣ ብርቱ ምት ሆኖ ቁጭ! ቁልፍ የሚጫን የለ፣ የሚቆርጠው የለ። በራሱ ጊዜ!

ዲስኳና መስታወቱ የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ2000 እዚያው ዙሪክ ነው። የመጀመሪያው ውጤት 16 ዋት። በ2012 275 ዋት! በ2024 ደግሞ ሰንፔር መስታወቱ ላይ አለበሱ፤ ብርሃኑም ከመውጣቱ በፊት ዲስኳን ደጋግሞ እንዲጎበኝ መስታወቶቹን አሰናዱ። 550 ዋት! ያለ ምንም ማጉያ፣ ጨረሩን ከሚያመነጨው ከአንድ ኦሲሌተር ብቻ!

«ካውያዬ እንኳ ከዚያ ይበልጣል» አትበሉ! 550 አማካዩ ነው። በየሰከንዱ 5.5 ሚሊዮን ምት ይወጣል፤ እያንዳንዱ ምት የሚቆየው 852 ፌምቶሰከንድ ነው። ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ ያነሰ! ከጨረቃ እኛ ጋ በአንድ ሰከንድ ከምናምን የሚደርሰው ብርሃን በዚያች ቅጽበት የሚሄደው ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኃይሉ ሁሉ እዚያች ውስጥ ይታጨቅና ጫፉ ላይ 100 ሜጋዋት ይዘላል! አንዱን የኤሌክትሪክ ምጣድ በ4 ኪሎዋት አስሉት፤ 25,000 ምጣድ በአንድ ጊዜ! ከካውያ ባነሰ ዋት! ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል!

የብርሃኑ ብርታት እኮ አየሩን ራሱን ሌንስ ያስመስለዋል! ስለዚህ የሌዘሩን ሳጥን አየር በፓምፕ ይመጡታል። እንዲህ ያለ ምት አንድን ዕቃ ሲቆርጥ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይዘልቅ ሥራው አልቋል። ንጹሕ! ጥርት ያለ! አቤት!

በሉ ተነሡ! ትኩስ ድፎና ትኩስ እንጀራ ጎን ለጎን አድርጉና በጣታችሁ ፈትኑ። ከዚያ የዲስኳን ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። «ይህን ሁሉ የምትሠራው ይቺ ሚጢጢ ናት?» ብላችሁ ካልጮኻችሁ ከምላሴ ላይ ፀጉር ንቀሉ!